ለካንሰር የወሰድኩት መድኃኒት ልቤን ሲነካው

አስተርጓሚዋ በስልኩ መስመር ላይ «ተቀባይ» የሚል ቃል ተጠቀመች። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነበር፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ ከጡቴ የተወሰደው ናሙና ውጤት የመጣበት ቀን። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረ፤ እሷም «ካንሰርዎ ላይ ኸር ቱ የሚባል ተቀባይ በብዛት ተገኝቷል፤ ለዚህ ዓይነቱ ጥሩ መድኃኒት አለ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ተቀባይ ገንዘብ ተቀባይና እንግዳ ተቀባይ ነው። ምን እንደሚቀበል፣ ከማን እንደሚቀበል ሳልጠይቅ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ካንሰር የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሚባለው ብዙም አይገባውም። ያ ተቀባይ ልቤ ላይም እንዳለ የተረዳሁት ከ9 ወር በኋላ፣ ትራስ ሳልደራርብ መተኛት ሲያቅተኝ ነው።

ይህን የምጽፈው ያንኑ መድኃኒት ለምትወስዱ እህቶችና ለሚያስታምሟችሁ ሰዎች ነው። መድኃኒቱ ትራስቱዙማብ ይባላል፤ ብዙዎቻችን ኸርሴፕቲን በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። ዛሬ በሕይወት ያለሁት በእርሱ ነው ብዬ አምናለሁና እንድትፈሩት አልፈልግም። ሐኪም አይደለሁም፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምሠራ ረዳት ነኝ። የደረሰብኝን ለመረዳት ግን ብዙ ጠይቄአለሁ፣ ብዙም አንብቤአለሁ። ያኔ አንድ ሰው በአማርኛ ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው የማሰፍረው።

እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ላዩ ላይ ከውጭ የሚመጣለትን መልእክት የሚሰማባቸው ፕሮቲኖች አሉት። ተቀባይ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እኔ «ጆሮ» እላቸዋለሁ፤ ለእናቴም በስልክ ያስረዳኋት በዚሁ ቃል ነው። መልእክቱ መጥቶ ጆሮው ላይ ያርፋል፤ ጆሮው ደግሞ ወደ ሴሉ ውስጥ «ተባዛ» ወይም «ጠግን» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ኸር ቱ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ኤርቢቢ ቱም ይሉታል። ከ100 የጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ይህ ጆሮ ከልክ በላይ ይበዛል፤ ሴሉም «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ያለ ፋታ ይሰማል። ትራስቱዙማብ ሄዶ እዚያ ጆሮ ላይ ተለጥፎ ትእዛዙን የሚያፍን ፀረ-አካል (አንቲቦዲ) ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ክፉ ይባል የነበረው ይህ የካንሰር ዓይነት ከዚያ ወዲህ ብዙ ሴቶች የሚድኑበት ሆነ።

የእኔ ሕክምና የተጀመረው በቀዩ ኬሞ ነው። ዶክሶሩቢሲን ይባላል፤ ቀለሙ የከርከዴ ሻይ ይመስላል። ከመጀመሬ በፊት ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተደረገልኝና 64 ተባልኩ። ይህ ቁጥር ኢጀክሽን ፍራክሽን ነው፦ የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ከመቶ ስንቱን ገፍቶ እንደሚያወጣ ይናገራል። የማንም ልብ 100 አይገፋም፤ ከ50ዎቹ አጋማሽ በላይ ከሆነ ጤናማ ነው። እኔ እንደ ትምህርት ቤት ውጤት አስቤው 64 ስባል ደንግጬ ነበርና እናንተ እንዳትደነግጡ። ቀዩን ኬሞ በየ3 ሳምንቱ 4 ጊዜ ወስጄ ስጨርስ ኢኮው 61 ሆነ። የካቲት መጨረሻ ላይ ትራስቱዙማብ ጀመርኩ።

ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየ3 ወሩ ኢኮ መታየት አለበት። የእኔ ተራ ግንቦት መጨረሻ ነበር። የምታከምበት ቦታ «የኢንሹራንስ ፈቃዱ አልደረሰም» ብሎ ቀጠሮውን ሰረዘ፤ «እንደውልልሻለን» አሉኝ። አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም። ኬሞው አልቆ ፀጉሬ ማብቀል ጀምሮ ነበር፤ አንድ ቀጠሮ ሲቀነስልኝ እፎይ አልኩ። መድኃኒቱ ግን በየ3 ሳምንቱ ይገባል፤ ልቤን ያየው ሰው የለም።

ሐምሌ ላይ ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ መቆም ጀመርኩ። ነሐሴ ገባና ፍልሰታን ያዝኩ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ማስቀደስ አቃተኝ፤ ጾሙ ነው አልኩ። ማታ ጫማዬ ሲጠበኝ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ ነው አልኩ። ሌሊት ደረቅ ሳል ሲቀሰቅሰኝ የኤር ኮንዲሽኑ ብርድ ነው አልኩ። በሥራዬ የአረጋውያኑን እግር በየጠዋቱ አያለሁ፤ ካልሲው መስመር ካስቀረ፣ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ከቀረ ወዲያው ለነርሷ እናገራለሁ። የራሴን እግር ግን ገልጬ አላየሁም። ለእያንዳንዱ ምልክት ምክንያት ነበረኝ፤ እያንዳንዱም ምክንያት ለብቻው ሲታይ ያሳምናል። አንድ ላይ አድርጎ ያያቸው ሰው ነው የጠፋው።

ያየችው እህቴ ናት። ከቨርጂኒያ መጥታ አብራኝ አደረችና ጠዋት፣ «አንቺ፣ ቁጭ ብለሽ ነው እንዴ የምትተኚው?» አለችኝ። 3 ትራስ ደራርቤ ነበር። ያንኑ ቀን እየጎተተች ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ። ኢኮው 47 አለ። ከመጀመሪያው 17 ነጥብ ወርዷል። በመድኃኒቱ መመሪያ መሠረት ቁጥሩ ሕክምናው ሲጀመር ከነበረበት 16 ነጥብና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ከጤናማው መጠን በታች ሆኖ 10ና ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ መድኃኒቱ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ይቆማል። የእኔም ቆመ።

በዚያ ቀን የነበረው አስተርጓሚ «የልብ ድካም ነው» ሲል እህቴ ጮኸች። በእኛ አነጋገር የልብ ድካም ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ድንገት የሚጥለው፣ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣው ነው። ሐኪሞቹ የሚሉት ሌላ ነው፦ ልብ ደሙን እንደሚገባ መግፋት ሲያቅተውና ውኃ እግር ላይና ሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም። በአማርኛ ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ «የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ የያዘችኝ የልብ ሐኪም ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። ብዙ ነገር የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። የልብ ጡንቻ ሴልና በአጠገቡ የሚያልፈው የቀጭኑ ደም ሥር ግድግዳ ጎረቤታሞች ናቸው። እኛ ሰፈር እናቴ ቡና ስታፈላ በአጥር ላይ እንደምትጣራው፣ የደም ሥሩ ሴሎችም ኒውሬጉሊን የሚባል መልእክት ወደ ጎረቤታቸው ይልካሉ። የጡንቻው ሴል ይህን የሚሰማው ኤርቢቢ ፎር በሚባል ጆሮ ነው። ኤርቢቢ ፎር መልእክቱን ሲይዝ ከኸር ቱ ጋር ይጣመራል። ኸር ቱ የራሱ መልእክት አይመጣለትም፤ ሥራው ከሰማው ጋር ተጣምሮ ትእዛዙን ወደ ውስጥ ማጠንከር ነው። ካንሰሩ ላይ ትእዛዙ «ተባዛ» ነበር። አዋቂ ልብ ላይ ግን ያው ጆሮ የሚያስተላልፈው «አትሙት፣ የጡንቻ ክሮችህን ጠብቅ፣ የተጎዳውን ጠግን» የሚለውን ነው። መድኃኒቱ የቱ ጆሮ የካንሰሩ፣ የቱ የልቤ እንደሆነ መለየት አይችልም።

«ታዲያ ልብ ለምን አዲስ ሴል አይሠራም?» ብዬ ጠየቅኋት። አዋቂ ልብ ሴሉን የሚተካው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ስዊድን ውስጥ የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች በኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች ዘመን አየር ውስጥ የበዛውን ካርበን 14 እንደ ዕድሜ መለኪያ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት አለ፤ በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት ከ100 የልብ ጡንቻ ሴል 1 ያህል ይታደሳል፣ በ75 ዓመት ደግሞ ከግማሽ ያነሰ። ያለን ሴል በአመዛኙ አብሮን የሚያረጀው ነው። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ለአሥርተ ዓመታት መኖር ያለበት ሴል፣ የሚጠግነውን መልእክት መስማት ካቆመ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

የሚገርመኝ፣ ይህ ጆሮ ለልብ ይጠቅማል ተብሎ የታወቀው መጀመሪያ በፅንስ ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኸር ቱ የሌላቸው አይጦች ልባቸው በቅጡ ሳይሠራ ገና በማህፀን እያሉ እንደሚሞቱ ታየ። ስለዚህ ጆሮው ልብ በፅንስ ውስጥ ሲሠራ ብቻ የሚያስፈልግ፣ ካደግን በኋላ ግን ሥራ የሌለው ሊመስል ይችል ነበር። በሽተኞቹ ላይ የታየው ግን ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ትልቁ ጥናት፣ ካንሰሩ ከተሰራጨባቸውና ቀዩ ኬሞ ከሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ አንዱን ከትራስቱዙማብ ጋር በአንድነት ከወሰዱት ሴቶች ከ100 27ቱ ላይ ልብ ተነካ፤ ያለ ትራስቱዙማብ ያንኑ ኬሞ በወሰዱት ላይ 8 ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ካሊፎርኒያና በርሊን ውስጥ ሁለት ቡድኖች ኸር ቱን ከአይጥ ልብ ጡንቻ ላይ ብቻ አጠፉ። አይጦቹ ደህና ሆነው ተወለዱ፤ ሲያድጉ ግን ልባቸው እየሰፋ፣ ግድግዳው እየሳሳ ደከመ። ሴሎቻቸውም የኬሞውን ጉዳት መቋቋም አቃታቸው።

እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው። ቀዩ ኬሞ የልቤን ሴሎች አቆሰለ፤ ቁስሉን የሚጠግነው ትእዛዝ ደግሞ በትራስቱዙማብ ታፈነ። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የማይሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው ይጀመራል፣ ችግሩም ከዚያ ወዲህ በጣም ቀንሷል። ሐኪሟ ያጽናናችኝ አንድ ነገር ነበር። ቀዩ ኬሞ ሴል ሊገድል ይችላል፣ የሞተ አይመለስም። ትራስቱዙማብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴሉን የሚያዳክመው እንጂ የሚገድለው አይደለም፤ ሲቆም ጆሮው ይከፈታል፣ ልብም ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

እስኪመለስ ድረስ የተሰጡኝ መድኃኒቶችም በተቀባይ በኩል የሚሠሩ ናቸው። ልብ ሲደክም ሰውነት ይደነግጥና አድሬናሊኑን ይለቃል። አድሬናሊን ልብ ላይ ያለውን ቤታ ተቀባይ ሲነካ ልብ በኃይልና በፍጥነት ይመታል። ለአንድ ቀን ሩጫ ይህ መልካም ነው። ወር ከወር ሲቀጥል ግን የደከመን በሬ ያለ እረፍት በጅራፍ እንደ መግረፍ ነው፤ ልቡም ራሱን ለመከላከል ቤታ ተቀባዮቹን ይቀንሳል። ካርቬዲሎል ቤታ ተቀባዩን ሸፍኖ ጅራፉን የሚይዝ መድኃኒት ነው። በ3.125 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ጀምሬ በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ እየሆነ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የበለጠ ደከመኝና ልተወው ዳድቶኝ ነበር። ይህ ስሜት የተለመደ እንደሆነ ስለነገሩኝ ታገሥኩ። ቀደም ሲል ሐኪሞችም ልቡ ለደከመ ሰው ቤታ ተቀባይን የሚሸፍን መድኃኒት መስጠት ይከለክሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ስዊድን፣ ጎተንበርግ የነበሩ ሐኪሞች ደፍረው ሰጥተው መሻሻሉን ቢጽፉም ዓለም ሙሉ በሙሉ የተቀበለው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው ሊሲኖፕሪል ነበር። አንጂዮቴንሲን የሚባለውን፣ የደም ሥር የሚያጠብና ልብን የሚጫን መልእክት እንዳይመረት ያደርጋል። እኔን ግን ክፉ ደረቅ ሳል አስያዘኝ። ሳል ደግሞ የሕመሙም ምልክት ስለሆነ እንደገና ተረበሽኩ። ወደ ሎሳርታን ቀየሩልኝ፤ እርሱ መልእክቱ ቢመጣም ተቀባዩ እንዳይሰማው የሚዘጋ ነው። ሳሉ በሁለት ሳምንት ጠፋ። ሊሲኖፕሪል የምትወስዱ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠባችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በእኛ በጥቁሮች ላይ ይህ ይበዛል።

ካርቬዲሎል ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ጠዋትና ማታ። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነበርኩ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ ለታመመ ጾም የለበትም፤ ጠዋት ቅመሺና መድኃኒትሽን ዋጪ፤ ለተውሽው እኔ አለሁ» አሉኝ። የእርሳቸው ቃል ባይኖር የጠዋቱን እንክብል እስከ 9 ሰዓት እያቆየሁት ነበር። አክስቴ ጠበል አምጥታልኝ ነበር፤ እሱንም ለሐኪሟ ነገርኳት። በቀን የምጠጣው ፈሳሽ ተለክቶ ስለነበር በትንሽ ሲኒ ጠጣሁ፣ እንክብሉንም አልተውኩም። ለሐኪም መናገር አያሳፍርም፤ ልቡ የደከመ ሰው ብዙ ሊትር ውኃ በአንድ ጊዜ ሲጠጣ ሳንባው ሊሞላ ይችላል።

ጨው ቀንሺ ስባል ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ወጥ ላይ ጨው መጨመር አቆምኩ። እግሬ ግን ማበጡን አልተወም። አንድ ቀን ለእናቴ ስነግራት፣ «የላክሁልሽ በርበሬና ሽሮ እኮ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል» አለችኝ። ለካስ ጨዉ ዱቄቱ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ጨው አስፈጭታ ትልክልኝ ጀመር። የምግብ ባለሙያዎቹ ይህን አያውቁም፤ ስለ ቺፕስና ስለ ታሸገ ሾርባ ነው የሚነግሩን። ሚጥሚጣውንም አትርሱ።

በ4ኛው ሳምንት ኢኮው 51፣ በ8ኛው 56 ሆነ። ጥቅምት ላይ ትራስቱዙማብ እንደገና ተጀመረልኝ። ረጅም ጊዜ ስለተቋረጠ የመጀመሪያው መጠን እንደ አዲስ ከፍ ብሎ፣ በኪሎ 8 ሚሊግራም፣ ከዚያ ወደ ተለመደው 6 ተመለሰ። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የካንሰር ሐኪሙና የልብ ሐኪሟ ስለ እኔ በስልክ ተነጋግረው መወሰናቸውን ማወቄ ረዳኝ፤ የእናንተ ሐኪሞች እንዲነጋገሩ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ዛሬ መድኃኒቱን ልትጀምር ያለች ሴት ብታማክረኝ ከሁሉ በፊት የምላት የኢኮውን ቀን ራሷ እንድትጽፍ ነው፤ የመጀመሪያው መርፌ በገባበት ቀን ላይ 3፣ 6፣ 9፣ 12 ወር ደምራ ስልኳ ላይ ታስቀምጠው። ቢሰረዝ በዚያው ሳምንት ትደውል። ሲቻል በአንድ ቦታ፣ በአንድ መሣሪያ ይታይ፤ ከቦታ ቦታ ቁጥሩ በጥቂት ነጥብ ስለሚለያይ የወረደና ያልወረደ ይምታታል። «ስትሬይንም ይለካልኝ» ማለትም ይቻላል፤ ጡንቻው ሲኮማተር ምን ያህል እንደሚያጥር የሚያሳይ ልኬት ነው፣ ዋናው ቁጥር ሳይወድቅ ቀድሞ ይናገራል። የእያንዳንዱን ውጤት ቅጂ ተቀበሉ።

ሚዛን ግዙ። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ። በአንድ ቀን 1 ኪሎ ያህል፣ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውኃ ነውና ደውሉ። ጋደም ስትሉ መተንፈስ ከከበዳችሁ ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሯችሁ ከነቃችሁ በኬሞ ድካም አታመካኙ። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አታስተረጉሙ። ያልገባችሁን ቃል ደግሞ እኔ እንዳደረግሁት በ«እሺ» አትለፉት።

የመጨረሻውን መርፌ የወሰድኩት በ2015 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው። ከዚያም ለ2 ዓመት በየ6 ወሩ ኢኮ ታየሁ፤ የመጨረሻው 58 ነበር። ሎሳርታኑና ካርቬዲሎሉ አሁንም አሉ። «ደህና ከሆንኩ ካርቬዲሎሉን ልተወው?» ብዬ የልብ ሐኪሟን ጠይቄአት ነበር። ለብዙ ጊዜ ተሸፍነው የቆዩ ቤታ ተቀባዮች በቁጥር ይበዛሉ፣ በድንገት ሲገለጡ አድሬናሊኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፣ ልብም ክፉኛ ይመታል አለችኝ። ከቆመም በሐኪም ክትትል፣ በጥቂት በጥቂቱ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ጠዋት ቁርሴን እቀምሳለሁ፣ እንክብሌን እውጣለሁ፣ እመዘናለሁ፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የአረጋውያኑን እግር ካየሁ በኋላ የራሴንም ካልሲ ዝቅ አድርጌ አያለሁ።